ቀዩ ክር የታሰረበት ቦታ

ትክክል የሆነች ልጅ ተሳስቻለሁ ብላ ስታምን አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አዎ ለማለት አትቸኩሉ። ተሳስታ የታረመች ልጅ ሁላችንም አይተናል፤ እሱማ ትምህርት ይባላል። እኔ የምጠይቃችሁ በጣቷ ዳስሳ፣ አስባ፣ «እዚህ ጋ ነው» ብላ ስላመለከተች ልጅ ነው። ያመለከተችው ቦታ ልክ ነበር። ከዚያ ሰው በተሰበሰበበት፣ በጭብጨባ፣ ልክ እንዳልነበረች ተነገራት። እንዲህ ዓይነት ልጅ ምን እንደምትመስል ካላያችሁ ልንገራችሁ፤ ምንም አትመስልም። አታለቅስም፣ አታኮርፍም። ደብተሯን አውጥታ ሰሌዳው ላይ ያለውን ትገለብጣለች። ጽሑፏ ያምራል።

ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ክፍሌ ከአስተዳደሩ ሕንፃ ጀርባ፣ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ነው። ፓምፑ ሲነሳ ስለሚጮህ አፋችንን ዘግተን እስኪያልፍ እንጠብቃለን። የጠረጴዛዎቹ እግር እኩል ስላልሆነ ከሥራቸው የታጠፈ ካርቶን ተወትፏል፤ ካርቶኑን ለክቶ ማጠፍ የዓመቱ የመጀመሪያ ትምህርታችን ነው።

በዚህ ክፍል የተሠራ ነገር ሁሉ በመጨረሻ ይሰበራል። ድልድይ ከሆነ አሸዋ ይጫንበታል፣ ማማ ከሆነ ይወዘወዛል፣ የውሃ ማጣሪያ ከሆነ እስኪደፈን ጭቃ ይፈስበታል። ልጅ አንድ ነገር እንዴት እንደቆመ የሚገባው እንዴት እንደወደቀ ሲያይ ነው። ይህን የማይቀበል መምህር ካለ ይምጣና ይሟገተኝ፤ ሲመጣ ግን ሥዕል ይዞ ሳይሆን የሠራውን ነገር ተሸክሞ ይምጣ።

ከመስበራችን በፊት አንድ ሥርዓት አለን። እያንዳንዱ ልጅ «እዚህ ጋ ነው የሚለቀው» ብሎ በሚያምንበት ቦታ ላይ የራሱን ቀለም ክር ያስራል። የቃል ግምት አንቀበልም። አፍ ዞሮ «እኔ እኮ እንደዚያ አላልኩም» ሊል ይችላል፤ ክር ግን ያሰሩት ቦታ ይገኛል። ነገሩ ከተሰበረ በኋላ ክሩ ለስብራቱ የቀረበለት ልጅ ስባሪውን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ ከሥሩም ለምን እንደተሰበረ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጽፋል። ግድግዳዬ ላይ የሚያምር ነገር የለም። የተቀነጠሰ ማማ፣ የተገመሰ ድልድይ፣ የተደፈነ ማጣሪያ። ልጆቹ «ድንገተኛ ክፍል» ይሉታል። ዳይሬክተሩ በመጣ ቁጥር አፍንጫውን ይነፋና «ይሄ መማሪያ ክፍል ነው ወይስ የትራፊክ አደጋ ምርመራ?» ይላል። ሁሌ ይህንኑ ነው የሚለው። መጀመሪያ ላይ ስቄለት ነበር።

ክሩን የምታቀርብልን የአንዲት ተማሪዬ እናት ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከጥቅል የተራረፈ ክር በብስኩት ቆርቆሮ እያጠራቀመች ትልክልናለች። ልጇን የክፍል ጓደኞቿ ሚዛን ይሏታል። ስለማንኛውም ነገር ከመናገሯ በፊት ዕቃውን በሁለት እጇ ትይዝና ዝም ስለምትል ነው። «ጠብቁ፣ ልትመዝነው ነው» ይባባላሉ። ቤታቸው የእናቷን የስፌት መኪና እየፈታች በመግጠም ትታወቃለች። አንዴ ደንበኛ ለሠርግ የምትለብሰውን ቀሚስ ልትወስድ በር ላይ ቆማ፣ መኪናው ጠረጴዛው ላይ ብትንትኑ ወጥቶ ተገኘ። እናትየው በማግስቱ እኔ ዘንድ መጥታ «ይቺን ልጅ ወይ አስተምሩልኝ ወይ ውሰዱልኝ» አለችኝ። እየሳቀች ነበር፤ ግማሹ ግን የምሯን ነበር።

ከሁሉም ክር ቀዩን የምትወስደው ሚዛን ናት። ድንገተኛ ክፍላችን ውስጥ ከተሰቀሉት ስባሪዎች ብዙዎቹ ሥር ያለው ጽሑፍ የሷ ነው።

ታሪኩ የተነሣበትን ድልድይ የሠራነው ካለፈው ዓመት የፈተና ወረቀት ነው። ወረቀቱ እርሳስ ላይ ይጠቀለላል፣ በዱቄት ሙጫ ይለጠፋል፤ ሲደርቅ እርሳሱ ይመዘዝና ባዶ ቱቦ ይቀራል። ቱቦዎቹ ሲጋጠሙ ድልድይ ይሆናሉ። ድልድዩ ሁለት ጠረጴዛ መካከል ይዘረጋል፣ ከመሀሉ ባልዲ ይንጠለጠላል፣ ባልዲው ውስጥ እስኪሰበር ድረስ አሸዋ በጣሳ ይጨመራል።

ክር በምናስርበት ቀን ክፍሉ በሙሉ ባልዲው ወደሚንጠለጠልበት ወደ መሀል ተንጋጋ። ሚዛን ብቻ ወደ ጫፍ ሄዳ ቀዩን ክር ታችኛው ቱቦ ላይ አሰረች።

«ሚዛን፣ መንገድ ጠፋብሽ እንዴ? ባልዲው እኮ እዚህ ነው» አላት ጠበቃው። ጠበቃው የምንለው ያለ ክርክር ውሃ የማይጠጣ ልጅ ነው።

«ባልዲው የት እንዳለ አያለሁ።»

«ታዲያ ክርሽ ምን ሆኖ ጥግ ሄደ? ፈርቶ ነው?»

«መሀሉ ሙሉ ቱቦ ነው። ታችኛው ግን አጥሮብን እዚህ ጋ ቀጥለነዋል። ላይ ያለው ይጨመቃል፣ ታች ያለው ይሳባል። የሚሳብ ነገር ላይ ቅጥል ካለ፣ የሚለቀው ቅጥሉ ነው።»

«ማን አለሽ?»

«እጄ። አንተ ከላይ ተጫነውና ጣትህን ከሥር አድርግ።»

ጠበቃው ጣቱን ከሥር አደረገ። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር አለፈ። ከዚያ «እኔ ግን መሀል ነኝ» አለና ክሩን መሀሉ ላይ አሰረ። ጠበቃ እንዲህ ነው፤ ቢገባውም ደንበኛውን አይከዳም።

የኔ ሥራ አሸዋ ማዘጋጀት ነው። ግን እኔም ጣቴን ከሥር አድርጌ ነበር፤ ቅጥሉ ይላላል።

በማግስቱ ዳይሬክተሩ ቢሮው ጠራኝ።

«እህቴ፣ ከትምህርት ቢሮ ሰዎች እየመጡ ነው። የተግባር ትምህርት ሞዴል የሚሆን ትምህርት ቤት ሊመርጡ ነው። ያንን የወረቀት ድልድይ እናሳያቸዋለን።»

«ጥሩ ነው። ፊታቸው እንሰብረዋለን።»

«ምን ማለትሽ ነው? እንግዳ ቤትሽ ጠርተሽ ሳህን ትሰብሪበታለሽ?»

«ሳህን አይደለም። ትምህርቱ ስብራቱ ነው። ልጆቹ ክራቸውን አስረው ያንን ነው የሚጠብቁት።»

«ትምህርቱን እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ አስተምሪያቸዋ።»

«እንዲያ ከሆነ ድልድዩን አላወጣም።»

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ ፈገግ አለ። «እሺ፣ እንዳልሽ። አሸዋውን አድርጉበት። የሚሆነውን አብረን እናያለን።»

ክፍሌ ለእንግዶቹ ቀለም ሊቀባ ነው ተባለ። ስባሪዎቹ ከግድግዳው ወርደው ጆንያ ውስጥ ገቡ፤ ድልድዩ ቀለም እንዳይነካው እስከ ዝግጅቱ ቀን እጅ ሥራ ክፍል ተቀመጠ። የእጅ ሥራ መምህሩ ጋሽ ሙጫ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ወንበር፣ በር፣ የጫማ ሶል፣ የተሰነጠቀ መነጽር፣ የሚለጠፍ ነገር ሁሉ እሳቸው ጋ ይሄዳል። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው ልጆች ናቸው፤ እሳቸውም ወደውት ራሳቸውን በሱ ይጠራሉ።

እንግዶቹ መጡ። ግቢው ውስጥ ወንበር ተደረደረ፣ ማይክሮፎን ተተከለ፤ ሁለቱ ጠረጴዛዎቼ ከነካርቶናቸው ወጡ። ድልድዩ ተዘረጋ። መሀሉ የተለያየ ቀለም ክር ተደራርቦበት ፋሻ የተጠቀለለ ጉልበት መስሏል። ቀዩ ክር ብቻውን ጫፍ ላይ ነው።

ልጆቹ በተራ አሸዋ ጨመሩ። ሚዛን ባልዲውን አታይም ነበር፤ ክሯን ነበር የምታየው። ባልዲው ተጋመሰ። ድልድዩ ትንሽ ለመጥ አለ። ባልዲው ሞላ። ጠበቃው «አሁን ነው» አለ። አልነበረም። ዳይሬክተሩ «ጡብ አምጡ» አለ። ጡብ መጣ፤ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። ሌላም ተቀመጠ። ከድልድዩ በፊት ጠረጴዛው ሲጥ አለ።

ሰዎቹ አጨበጨቡ።

ዳይሬክተሩ ማይክሮፎኑን አነሣ። «አንዳንድ ተማሪዎቻችን ይሰበራል ብለው ክር አስረውለት ነበር» አለ። «በተለይ ይችን ቀይ ክር እዩልኝ፤ ጥግ ሄዳ ተደብቃለች። የዚህ ትምህርት ቤት ድልድይ ግን አይሰበርም።» ሳቅ ሆነ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ሰዎች ወንበር ላይ ሲሰለቹ የሚስቁት ዓይነት ነው። የክፍሌ ልጆችም ሳቁ። የነሱም ክር ታስሮ ነበር፤ ግን የተጠራው የሷ ስለሆነ ሳቁ።

ከእንግዶቹ አንዷ ጎንበስ ብላ «ቀዩ የማነው?» አለች።

ሚዛን እጇን አወጣች።

«ለምን እዚህ ጋ አሰርሽው የኔ ልጅ?»

ሴትየዋ በእውነት ነበር የጠየቀችው፤ መልሱንም ትሰማ ነበር። ስለ ቅጥሉ፣ ስለሚሳበው፣ ስለሚጨመቀው ነገር ሁሉ ሚዛን አፍ ላይ እንደደረሰ አየሁ።

«ተሳስቼ ነው» አለች።

ከዚያ ሄዳ ክሯን ፈታች፤ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው። እኔ ምን ተሰማኝ? ምንም። ጣቴ ከቅጥሉ ሥር ያገኘውን አስታወስኩ፤ ድልድዩንም አየሁ፤ ሁለቱ አልገጥም አሉኝ። በቃ ይኸው ነው። የደነዘዘ ጥርስ በምላስ ሲነኩት እንዴት ነው? እንደዚያ።

ድልድዩ የዳይሬክተሩ ቢሮ በር ላይ ባለው የመስታወት ሳጥን ውስጥ እንዲቀመጥ ታዘዘና ተሸክሜ የማስገባው እኔ ሆንኩ። ሳነሣው ከበደኝ። ወረቀት ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው፣ ልጆቹ ሲሠሩት በአንድ እጅ አንሥቼዋለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ ይሄኛው እያደር ከብዷል። የታችኛውን ቱቦ ጫፍ አየሁት። የልጆቹ ሙጫ ደርቆ ቢጫ ሆኗል፤ ጫፉን የደፈነው ግን ነጭ ነው፣ አዲስ ነው። ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጥኩት። ዳይሬክተሩ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

እጅ ሥራ ክፍል ስደርስ ጋሽ ሙጫ አንድ የወንበር እግር በጉልበታቸው መሀል ይዘው እያሰሩ ነበር።

«ጋሽ ሙጫ፣ ድልድዩ ውስጥ ምን ከተቱበት?»

«ሽቦ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ጥሩ ሽቦ ነው። የልብስ ማስጫ።»

«ለምን?»

«አለቃው እንዳይሰበር አድርገው አለኝ። እኔ ዕድሜ ልኬን እንዳይሰበር ሳደርግ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ምን ልበለው? ደግሞ ልጆቹ እንግዳ ፊት እንዳያፍሩ ነው ልጄ። ያን ሁሉ ለፍተው ሰው ፊት እንክትክት ሲልባቸው ደስ ይላል?»

«እንዲሰበር ነው የሠሩት።»

አሁን ቀና አሉ። መነጽራቸው መሀሉ ላይ በራሳቸው ሙጫ ተለጥፏል። «እንዲሰበር የሚሠራ ነገር አለ እንዴ?» አሉ። የምራቸውን ነበር። ከዚያ ያንን ነገር ነገሩኝ። እንደ ምስጋና ነበር የነገሩኝ።

«ያቺ ቀይ ክር ያሰረችው ልጅ ግን ጎበዝ ናት። የት ጋ እንደማጠናክረው ግራ ገብቶኝ መሀሉን ብነካካው፣ መሀሉ ደህና ነው። ኋላ ቀዩን ክር አየሁና ጣቴን አሳረፍኩበት፤ ልልት። እዚህ ጋ ኖሯል ድክመቱ አልኩና ሽቦውን በዚያ በኩል አሳለፍኩት። ክሯ ባይኖር እኮ መሀሉን አጠናክሬ ልተወው ነበር። ዋጋ ያለው ልጅ ናት፤ ንገሪያት።»

ሰማችሁ? እንደገና ልበለው፤ በደንብ ካልሰማችሁት በኋላ «ለአንድ የወረቀት ድልድይ ይሄ ሁሉ» ትሉኛላችሁ። ልጅቷ ድክመቱ ያለበትን ቦታ አወቀች። ምልክት አደረገችበት። ምልክቷን አይተው ቦታውን ደፈኑት። ከዚያ በዚያው ምልክት ሳቁባት። ተሳስታ ቢሆን ኖሮ ድልድዩ ይሰበር ነበር። ያልተሰበረው ትክክል ስለሆነች ነው።

በእረፍት ሰዓት ሚዛንን ለብቻዋ ጠርቼ አንድ በአንድ ነገርኳት። ሽቦውን፣ ጋሽ ሙጫን፣ ክሩን። እስክጨርስ በጨዋ ደንብ ሰማችኝ።

«እሺ ቲቸር» አለች።

«ገባሽ? ልክ ነበርሽ።»

«እሺ።»

«ምነው፣ አላመንሽኝም?»

መሬት መሬት አየች። «ቲቸር፣ እንዳላዝን ብለው ነው። እማዬም እንደዚህ ትለኛለች። አላዘንኩም እኮ።»

ምን ትላላችሁ? ልጅ ለብቻ ተጠርታ በለስላሳ ድምፅ የሚነገራትን ነገር ታውቃለች። ማጽናኛ ነው። እውነት በማይክሮፎን ነው የሚነገረው፤ ይህን ያስተማርናት እኛው ነን። ላሳያት ብል ድልድዩ ተቆልፎበታል። ጋሽ ሙጫን ይዤ መጥቼ ንገሯት ብል፣ እሳቸውም ያው ልጅ እንዳታዝን የሚፈልጉ ደግ ሽማግሌ ናቸው።

ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄድኩ። ሰልፍ ላይ ድልድዩ ይከፈት አልኩት።

«ሽቦ መኖሩን ማን ነገረሽ?»

«ያስገቡት ናቸው።»

ድምፁን አለዘበ። «ልጅቷን እኔው ራሴ ቢሮ ጠርቼ አነጋግራታለሁ። ጎበዝ ነሽ እላታለሁ። ማስታወሻ ደብተር እሸልማታለሁ።»

«በማይክሮፎን የተባለ በጆሮ አይታረምም።»

«ኧረ ተይ እህቴ። ፎቶው ትምህርት ቢሮ ሄዷል፣ ትምህርት ቤቱ ለመጨረሻው ዙር አልፏል። አሁን ሰልፍ ላይ ሽቦ ልምዘዝልሽ? ደግሞስ ድልድይ ነው እንጂ ሰው አልሞተም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ጊዜ ስጪው።»

ተረት ሲያጥረው አላየሁም። እኔም አላጣሁም፤ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም አልኩት። ፈገግ አለ። ተነሥቶ በሩን ከፈተልኝ፤ ጨዋ ሰው ነው።

ክፍሌ ተቀብቶ አልቋል። ግድግዳው ክሬም ሆኗል፤ ምስማር መምታት ክልክል ነው የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ስባሪዎቹ ጆንያው ውስጥ ናቸው። ቀጥለን ማማ ሠራን። ክር የሚታሰርበት ቀን ሚዛን ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ቆየች። ሌሎቹ አስረው ሲጨርሱ ተነሥታ መጣች፤ ብዙ ክር ያለበትን ቦታ በዓይኗ ፈለገች፣ እዚያው አሰረች። ቀይ አልነበረም፤ ምን ቀለም እንደነበር አላስታውስም።

«ሚዛን፣ አትመዝኝውም?» አላት ጠበቃው። እንዲያሾፍበት የሆነ ነገር እንድትሰጠው የሚለምን ይመስል ነበር።

«ልክ ነህ፣ እዚህ ጋ ነው» አለችው።

ጠበቃው የሚከራከረው አጣ። ማማው በሌላ በኩል ተሰበረ፤ የማንም ክር አልቀረበውም። ስባሪውን ጠርገን ጣልነው። ክፍሉ ጸጥ ያለ ነበር። ዳይሬክተሩ በመስኮቱ በኩል አይቶን እጁን አነሣ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የትራፊክ አደጋ ሳይል አለፈ።

እናትየው መጣች። የብስኩት ቆርቆሮውን ይዛለች።

«ክር ሞልቶ ተርፎ፣ ልጄ አልወስድ ስላለችኝ እኔው አመጣሁት» አለች። «ላመሰግንዎትም ብዬ ነው። ጸባይዋ ተስተካከለ። መኪናዬን መንካት ተወች፣ ከደብተሯ ቀና አትልም። እንዴት አድርገው ገሯት?»

«እኔ አልገራኋትም።»

«ይሁን፣ ብቻ ተመስገን ነው።» ለመሄድ ተነሣች፣ ግን አልሄደችም። ቆርቆሮውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረችው። «አንድ ነገር ብቻ። ሰሞኑን መኪናው ስፌት እየዘለለ አስቸገረኝ። ድሮ እኮ ድምፁን ሰምታ ከጓዳ ነው 'እማዬ መርፌው ነው' የምትለኝ። አሁን ነይ እዪልኝ ብላት 'ባለሙያ ጥሪ' አለችኝ። 'እኔ ምን አውቃለሁ' አለችኝ።» ሳቅ ለማለት ሞከረች። «ደህና ናት አይደል?»

ምን ልመልስላት? ውጤቷ ጥሩ ነው። ቀርታ አታውቅም። አትረብሽም። በዚህ አገር የትምህርት ወረቀት ላይ ያለው ሣጥን ሁሉ ስለ ሚዛን ሲጠየቅ ደህና ናት ይላል።

«የወላጆች ስብሰባ ላይ ይዘዋት ይምጡ» አልኳት። «ሁለታችሁም ከፊት ተቀመጡ።»

ስብሰባው አዳራሽ ውስጥ ነበር። ዳይሬክተሩ የመስታወት ሳጥኑን መድረክ ላይ አስወጥቶታል፤ ትምህርት ቤቱ ለሞዴልነት የታጨበት ምልክት ነው። እኔ ከመግባቴ በፊት እጅ ሥራ ክፍል ጎራ ብዬ ፒንሳ እንዲያውሱኝ ጋሽ ሙጫን ጠየቅኳቸው። ለምን እንደሆነ ነገርኳቸው፤ ልጅቷ «እኔ ምን አውቃለሁ» እንዳለችም ነገርኳቸው። የያዙትን የወንበር እግር ረጅም ጊዜ አዩት።

«እንዲያ አለች?»

«እንዲያ አለች።»

ፒንሳውን ከግድግዳው አውርደው በጨርቅ ጠረጉት። «አለቃው ከጠየቀኝ ጠፍቶብኛል እላለሁ» አሉ። ሲያቀብሉኝ ደግሞ «ተዪው፣ አልልም» አሉ።

ዳይሬክተሩ ብዙ ተናገረ። ስለ ተግባር ትምህርት፣ ስለ እጅ፣ ስለ ነገዋ ትውልድ። በመጨረሻ «ጥያቄ ካለ» አለ። እጄን አወጣሁ። አየኝ፤ ከኋላዬ ላለው አባት ዕድል ሰጠ። አባትየው ስለ መጸዳጃ ቤቱ በር ጠየቀ። ተመለሰለት። እጄን አወጣሁ። ስለ ደንብ ልብስ ተጠየቀ። ተመለሰ። እጄን አላወረድኩም። ከፊት ሚዛን ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ወለሉን ታያለች።

«ካለቀ እንግዲህ» አለ ዳይሬክተሩ።

ተነሣሁ። ድምፄ ጠዋት ጠዋት ስም የምጠራበት ድምፅ ነበር። መድረኩ ላይ ወጥቼ ፒንሳውን ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩት። ፒንሳው መስታወቱ ላይ ሲያርፍ ተሰማ።

«ምንድን ነው ነገሩ?» አለች እናትየው ወደ ልጇ ዞራ።

«ምንም» አለች ሚዛን።

«ጥያቄዬ አንድ ነው» አልኩት ዳይሬክተሩን። «በዚሁ ማይክሮፎን፣ እንግዳ ፊት፣ ቀዩ ክር ጥግ ሄዶ ተደብቋል ብለው አስቀውባታል። ያሰረችው ልጅ እዚህ ተቀምጣለች፣ እናቷም አለች። ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ ነው፣ ፒንሳው ይኸው። ሳጥኑን ይክፈቱና ክሩ ታስሮበት የነበረውን ቦታ ይቁረጡት። አልቆርጥም ካሉ ይናገሩ። ውስጡ ያለው ምንድን ነው? እንዲገባ ያዘዘው ማን ነው? ልክ የነበረው የማን ክር ነው? ለኔ በኋላ በጆሮዬ አይንገሩኝ፤ እሷንም ቢሮ አይጥሯት። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በያዙት ማይክሮፎን፣ አሁን ይመልሱ።»